እንግዳን ስለሚቀበል ጉባኤ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ሙያ ሥነ ምግባር እንድናገር ጋብዞኝ ነበር። እኔ ግን በፈቃዳችሁ፣ ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ነርስ ያቀረበችልኝን ጥያቄ አነሣለሁ። ይህች ልጅ ወደ ደዶ ተመድባ ስትሰናበተኝ፣ ስለ ደመወዝም ስለ ቤት ኪራይም ሳትናገር፣ «እዚያ እኔን የሚቀበል ቤተ ክርስቲያን አገኝ ይሆን?» አለችኝ። በዚህ አዳራሽ ያለን አብዛኞቻችን ወደ ገጠር ስንመደብ እንቅልፍ የነሣን ይኸው አልነበረምን? ሰው ከአገሩ ርቆ ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል?

ደዶ ከጅማ በስተ ደቡብ እስከ ጎጀብ ወንዝ የሚዘልቅ ወረዳ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠብቀው በመኖራቸው፣ እስልምና በዚያ ምድር ሳይናጋ ሥር ሰዷል። ክርስቲያኑ በብዛት በመንግሥት ሥራና በንግድ የመጣ ነው። (ንግግር አድራጊ ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ንጉሥ ነጃሺን መጥቀስ ይወዳል፤ እኔ እርሳቸውን ለዛሬ አላስቸግራቸውም።)

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ በተመደብሁ ጊዜ፣ አስቀድሜ የፈለግሁት የእምነቴን ሰዎች ነበር። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ የከተማ ደብር ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባት እንዲሰጡኝ ብጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ «የየት አገር ሰው ነህ?» የሚል ሆነ። አገሬን ብናገር ፊት ጠቆረብኝ። ሦስት እሑድ ተመላልሼ፣ አንድም የሰላምታ ቃል ሳልሰማ ቀረሁ።

በዚያው ወራት ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሐጂ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። በሠርጉ ዋዜማ አስጠርተውኝ አንድ ሙክት በገመዱ አስያዙኝና፣ «ሐኪም፣ ይህን የእናንተ ሰው ይባርከው። ድስቱም አዲስ ነው፤ ቢላውንም ከቤትህ አምጣ» አሉኝ። በማግስቱ በግቢያቸው ሁለት ምድጃ ነደደ። አስተማሪዎቹ፣ ፖሊሶቹና እኔ ከአንደኛው፣ የቀረው እድምተኛ ከሁለተኛው በላን፤ ዘፈኑና ቡናው ግን አንድ ነበር። ቡናስ ቢሆን በቀደመው ዘመን በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ይነወር እንደ ነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ዛሬ አስተዋይነት ሲባል ሁሉም ከአንድ ድስት መብላቱ የሚመስላቸው አሉ። ሐጂ እምነታቸውን አላላሉም፤ የእኔንም እንዳላላ አልጠየቁኝም። ለማይበሉት ሥጋ እንጨት አስፈለጡ፣ ድስት ገዙ። እኔ የእንግዳ አቀባበልን ትርጉም የተማርሁት ከዚያ ሁለተኛ ድስት ነው።

ከዚያም በሁለተኛው ዓመት፣ ልትጠይቀኝ መጥታ የነበረች እናቴ በእጄ ላይ አረፈች። ወቅቱ ክረምት ነበርና መኪና አልገባም አለ። ቃሬዛውን በጭቃ ውስጥ እየተፈራረቁ የተሸከሙት የእድሩ አባላት ናቸው፤ ከአሥሩ ስምንቱ ሙስሊሞች ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሲደርሱ ለካህናቱ አስረክበው፣ ጸሎቱ እስኪያበቃ ድረስ በዝናቡ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ሦስቱንም ቀን በድንኳኑ ሳይለዩኝ ተቀመጡ።

ይሁን እንጂ ወጣቷ ነርስ የወንጌላውያን እምነት ተከታይ ናት። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና በአካባቢው የእምነቷ ወገኖች ቤተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ምእመናንም ከቀያቸው መሰደዳቸውን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። በዚያም አገር ሁለት ድስት ይጣድ እንደ ነበር አልጠራጠርም። እንግዳን ማስተናገድ አንድ ነገር ነው፤ የተቈጣ ሕዝብ ሲመጣ በጎረቤት ደጃፍ ላይ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የመጀመሪያውን አይቻለሁ፤ ሁለተኛው በደዶ ስላልተፈተነብኝ ልመሰክርለት አልችልም። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብዬ ልሸኛት ኅሊናዬ አልፈቀደም።

ያልኋት ይህ ነው፦ የራስሽን ጉባኤ ፈልጊ፤ ትንሽም ቢሆን አትናቂው። ነገር ግን እሑድ ሳይደርስ ቅዳሜ ከእድሩ ተመዝገቢ። ኦሮምኛውን ከገበያ ሴቶች ተማሪ። በለቅሶ ቤት የሌላው እምነት ሰው ወዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚቀርብለት ተመልከቺ። የሚቀበልሽን ሰው ከዚያ ታውቂዋለሽ።

ሐጂ ያረፉት እኔ ወደ ሌላ አገር ከተዛወርሁ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ወሬው ዘግይቶ ስለ ደረሰኝ፣ ከመቃብሩ ሳይሆን ከሐዘኑ ቤት ደረስሁ። ከድንኳኑ እንደ ተቀመጥሁ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ አጠገቤ መጣ፤ ስሜ እስካሁን አልተሰረዘም ነበር። ያልከፈልሁትን የዓመታት መዋጮ በዝግታ ደምሮ ነገረኝ፤ እኔም ቈጥሬ ሰጠሁት።