የቲሸርት ማተሚያ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

እህቶቼ፣ ሰሞኑን ከመካከላችሁ አራት እህቶች መጥተው አማከሩኝ። ደሞዛቸውን አዋጥተው ቲሸርት ላይ የሚያትም ማሽን ሊገዙ አስበዋል፤ "የቱ ይሻላል?" አሉኝ። ጥያቄው የሌሎቻችሁም ስለሆነ ለሁላችሁ ልመልስ። ያ ገንዘብ በሰው ቤት ስንት ሌሊት እንደተለፋበት አውቃለሁና።

መጀመሪያ ማን እንደሚገዛችሁ አስቡ። አገር ቤት የሰፈር ወጣቶች ለጥምቀት አንድ ዓይነት ቲሸርት አሳትመው ይለብሳሉ፤ ለማኅበር፣ ለምረቃ፣ ለሠርግም እንዲሁ ነው። አንድ ሥዕል፣ ብዙ ልብስ ማለት ነው። ለዚህ ስክሪን ፕሪንትን የሚያህል የለም። ፍሬም ላይ የተወጠረው ስስ ጨርቅ በሥዕሉ ቦታ ብቻ ቀለም ያሳልፋል፤ ቀለሙን በጎማ ስትጎትቱት ልብሱ ላይ ይወርዳል። ፍሬሙን ማዘጋጀት ያደክማል፤ አንዴ ከተዘጋጀ ግን ሃምሳውን ልብስ በተከታታይ ታትሙበታላችሁ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ስለሚያስፈልግ ስትጀምሩ ባለ አንድ፣ ቢበዛ ባለ ሁለት ቀለም ሥራ ብቻ ተቀበሉ።

"ለልጄ ልደት ፎቶውን በአንድ ቲሸርት አትሙልኝ" ለሚል ደንበኛ ግን ስክሪን ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ነው ሻጮች ሂት ፕሬስ የሚያቀርቡላችሁ። ከነዚህ አንዱ ሰብሊሜሽን የሚባለው አሠራር ነው፤ ቀለሙ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ጨርቁ ውስጥ ይገባል፣ ፎቶም አሳምሮ ያወጣል። ነገር ግን የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው፤ ጨርቁም ነጭ ወይም ፈዛዛ መሆን አለበት። ጥጥ ላይ ከታተመ በአጠባ ይለቃል። በኤደን ሙቀት ደግሞ ሰው የሚመርጠው ጥጥ ነው። ሻጩ ይህን ሳይነግራችሁ ሊሸጥላችሁ ይችላልና ጠይቁ።

ሌላው መብራት ነው። ኤደን በሙቀቱ ወራት መብራት ለሰዓታት እንደሚጠፋ እኔ ለእናንተ አልነግርም። ሂት ፕሬስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ጣሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ሶላር አታስነሣውም። ስክሪን ግን የእጅ ሥራ ነው። ውኃ የሚያቀጥነውን የጨርቅ ቀለም ከተጠቀማችሁ፣ ከደረቀ በኋላ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በካውያ ትተኩሱታላችሁ፤ የከሰል ካውያም ይሆናል። ካውያ አያያዝ እኔ ላስተምራችሁ አልችልም።

እንዲያውም ከአታሚዎቹ የምትበልጡበት አንድ ነገር አለ። በየቀኑ የሰው ልብስ ታጥባላችሁ። የትኛው ጽሑፍ ተሰነጣጠቀ፣ የትኛው ጠርዙ ተላጠ፣ የትኛው ዓመት ቆየ? እኔ ከፕላስቲክ ተቆርጦ የሚለጠፈውን በሞቀ ውኃና በካውያ ሲላጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማሽን የሚሸጥላችሁን ሰው በዚያው ማሽን የታተመ ልብስ ጠይቁት። ወስዳችሁ አሥር ጊዜ እጠቡት፤ ከዚያ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ።

ለአራቱ እህቶች ያልኳቸው ይህን ነው፦ በአንድ ፍሬምና በአንድ ጣሳ ጥቁር ቀለም ጀምሩ። ቲሸርቱን በራሳችሁ ገንዘብ አትግዙ፤ ደንበኛው ግማሹን ቀድሞ ይክፈል። ማን ስንት እንዳዋጣ ደብተር ላይ ጽፋችሁ አራታችሁም ፈርሙ፤ ጓደኝነታችሁ ጥሩ ቢሆንም ጻፉት።

መሞከር የምትፈልጉ ዓርብ አሮጌ የጥጥ ልብስ ይዛችሁ ኑ። ፍሬም አለኝ።