የሚለካው ከኋለኛው ምልክት ነው
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24-27

መጽሐፍ ቅዱሳችሁ በአጠገባችሁ ካለ ይህን ክፍል ክፈቱልኝ።

ሐዋርያው ጳውሎስ እዚህ ላይ ስለ ስፖርት ነው የሚያወራው። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ቋንቋ በደንብ ያውቁታል፤ በከተማቸው አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ውድድር ይደረግ ነበር። አሸናፊው የሚቀዳጀው ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይደርቃል። ጳውሎስ ታዲያ ስለ ሯጮቹ ከተናገረ በኋላ በመጨረሻ ወደ ራሱ ይመለሳል። ለሌሎች ከሰበክሁ በኋላ እኔው ራሴ የማልበቃ ሆኜ እንዳልገኝ ሥጋዬን እጎስማለሁ ይላል። ይህን የሚለው ጀማሪ አይደለም፤ ታላቁ ሐዋርያ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ቃል ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን አትሌቲክስ ሲባል ሩጫ ነው የሚታየን። አስር ሺህ ሜትር እያየን ካሜራው ወደ ዝላዩ ሲዞርብን «ምን ሆኑ፣ ሩጫውን መልሱልን እንጂ!» እንላለን። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሴኮንዶች ቀድሞ ሲያሸንፍ ያላለቀሰና ያልጮኸ ማን አለ? በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም፣ አንድ የ34 ዓመት እንግሊዛዊ በስሉስ ዝላይ 17.71 ሜትር ዘሎ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ስሙ ጆናታን ኤድዋርድስ ይባላል። በ18ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ መነቃቃት የታወቀው ሰባኪ አይደለም፤ ስማቸው ነው የተገጣጠመው። የዛሬው መልእክቴ በእርሱ ሕይወት በኩል ያልፋል።

ስሉስ ዝላይ ሦስት ዝላይ በአንድ ትንፋሽ ማለት ነው። አትሌቱ ተንደርድሮ ይመጣና ሰሌዳውን በአንድ እግሩ ረግጦ ይነሳል፤ በዚያው እግሩ ያርፋል። ቀጥሎ በሌላኛው እግሩ ያርፋል። ከዚያ ዘሎ አሸዋው ውስጥ ይወድቃል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ማረፊያ አንዱ እግር ከሰውየው ክብደት ከአስር እጥፍ በላይ የሆነ ጫና ሊሸከም ይችላል።

ጆናታን ያደገው በአገልጋይ ቤት ነው፤ አባቱ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። ወጣት ሳለ እሑድ የጌታ ቀን ነው ብሎ በእሑድ አልወዳደርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና የስሉስ ዝላይ ማጣሪያ በእሑድ ስለዋለ ሳይወዳደር ቀረ። አንድ አትሌት የዓለም ሻምፒዮናን እንዲህ መተው ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡ። በ1993 ግን ጉዳዩን መልሶ አጤነውና በእሑድ መወዳደር ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በሽቱትጋርት ነሐስ አገኘ። በእሑድ ጉዳይ በእኛም መካከል የተለያየ አሳብ አለ፤ ሮሜ 14 ስለዚህ ያስተምረናልና ዛሬ አልገባበትም።

አሁን ወደ 1995 እንሂድ። የዓለም ክብረ ወሰን በአሜሪካዊው ዊሊ ባንክስ የተያዘ 17.97 ሜትር ነበር፤ አስር ዓመት ሙሉ አልተነካም። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ኤድዋርድስ ፈረንሳይ ውስጥ 18.43 ሜትር ዘለለ። ስታዲየሙ ጉድ አለ! ክብረ ወሰን ግን አልሆነም። ለምን? ከኋላው የገፋው ነፋስ በሴኮንድ 2.4 ሜትር ነበር፤ ደንቡ የሚፈቅደው እስከ 2 ሜትር ነው። ዝላዩ እውነተኛ ነው፣ ርቀቱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ምን ያህሉ የሰውየው፣ ምን ያህሉ የነፋሱ እንደሆነ መለየት ስለማይቻል አይመዘገብም።

ወገኖቼ፣ የምናገረው ስለ መንፈስ ቅዱስ ነፋስ አይደለም፤ እርሱማ ይንፈስብን! የምናገረው ከኋላችን ስለሚገፋን የሰው ነፋስ ነው። ኮንፈረንስ ላይ አስር ሺህ ሰው እጁን አንስቶ ሲዘምር እጅ ማንሳት ይቀላል። የአምልኮ ቡድኑ ከኋላ ሲገፋ፣ ድምፅ ማጉያው ሲያግዝ፣ «አሜን!» የሚል ጉባኤ ሲኖር ሩቅ እንዘላለን። ጥያቄው ሰኞ ጠዋት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ስልኩ ጸጥ ብሎ፣ ብቻችንን ስንንበረከክ ስንት ሜትር እንዘላለን?

በሐምሌ ወር በስፔን ሳላማንካ 17.98 ሜትር ዘሎ ክብረ ወሰኑን በአንዲት ሴንቲ ሜትር አሻሻለ። ነሐሴ 7 ቀን 1995 ደግሞ በስዊድን ጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። በመጀመሪያ ሙከራው 18.16 ሜትር! በደንቡ መሠረት 18 ሜትርን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ 18.29 ሜትር! ነፋሱ በሴኮንድ 1.3 ሜትር ብቻ ነበር። ሁለተኛ የወጣው የቤርሙዳው ብራያን ዌልማን 17.62 ዘለለ፤ በመካከላቸው 67 ሴንቲ ሜትር አለ። በሴንቲ ሜትሮች በሚሸናነፉበት ስፖርት ይህ ትልቅ ርቀት ነው። ያ 18.29 እስከ ዛሬ ድረስ አልተሰበረም።

ባለሙያዎች ያንን ዝላይ ከፋፍለው ለክተውታል። የመጀመሪያው 6.05 ሜትር፣ መካከለኛው 5.22፣ የመጨረሻው 7.02። አያችሁ፣ አጭሯ መካከለኛዋ ናት። ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እርሷ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዝላይ ከመጠን በላይ ይነሡና መካከለኛዋ ላይ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ ለመጨረሻው ምንም አይተርፋቸውም።

ከእናንተ መካከል መካከለኛዋ እርምጃ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጌታን ስትቀበሉ፣ ስትጠመቁ፣ ያ የመጀመሪያው ፍቅር እንዴት እንዳስነሣችሁ ታስታውሳላችሁ። የመጨረሻውንም በተስፋ ታያላችሁ። መካከሉ ግን ቤት ኪራይ ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የታመመች እናት ናት፣ መልስ ያላገኘ ጸሎት ነው። ክብደቱ ሁሉ በአንድ እግር ላይ ያረፈ ይመስላል። አጭር እርምጃ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጌታ ከእናንተ የሚፈልገው መካከሉን ሳትወድቁ እንድታልፉት ነው። ጽኑ!

ደግሞ ዳኛ አለ። ሰሌዳውን በጫማው ጫፍ ያለፈ ሰው ቀይ ባንዲራ ይነሣበታል። 19 ሜትር ቢዘልም አይለካም። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 እንደ ሕጉ ያልታገለ ሰው አክሊል እንደማያገኝ ይነግረናል። «ጌታ እኮ እየሠራብኝ ነው፣ ሰው እየተፈወሰ ነው» እያልን የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ፣ የትዳርን ቃል ኪዳን የረገጥን ከሆነ፣ ርቀቱ አያድነንም፤ ባንዲራው ቀይ ነው።

ነጩ ባንዲራ ቢነሣስ እንዴት ይለካል? ይህን ልብ በሉልኝ። እግሩ ሩቅ ያረፈበት ቦታ አይለካም። አሸዋው ላይ ወደ ሰሌዳው በጣም የቀረበው ምልክት ነው የሚለካው። አትሌቱ በእግሩ 18 ሜትር ደርሶ ወደ ኋላ ሲንገዳገድ እጁ 17 ሜትር ተኩል ላይ አሸዋውን ቢነካ፣ ዝላዩ 17 ሜትር ተኩል ነው። ሰው የሚያጨበጭበው ለፊተኛው ምልክት ነው። ዳኛው የሚለካው ከኋለኛው ነው።

ስለ መዳን አይደለም ይህን የምለው። መዳን በጸጋ ነው፣ በእምነት ነው፤ ኤፌሶን 2፥8 ግልጽ ነው። የምለው ስለ ምስክርነታችን ነው። የእኛ ፊተኛ ምልክት መድረክ ላይ ነው፤ ስብከታችን፣ መዝሙራችን፣ ጾማችን። ኋለኛው ምልክት ቤት ነው። ሚስትህ የምታውቅህ አንተ፣ ልጆችሽ የሚያውቁሽ አንቺ፣ ሠራተኛችሁ የምታውቃችሁ እናንተ። እዚያ ነው የሚለካው።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። ጆናታን ኤድዋርድስ በ2001 በኤድመንተን ዳግመኛ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2003 ስፖርቱን አቆመ። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የመዝሙርና የአምልኮ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ስንት ወጣት «እንደ ጆናታን ለጌታ ልቁም» እያለ በእርሱ ተበረታቷል። በ2007 ግን ራሱ በይፋ፣ ከእንግዲህ በእግዚአብሔር እንደማያምን ተናገረ። ስፖርቱን ካቆመ በኋላ ጥያቄ እንደመጣበትና እምነቱ እንደተናደ አስረዳ።

ወገኖቼ፣ ይህን ያነሣሁት ድንጋይ ለመወርወር አይደለም። ፍርድ የጌታ ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ ልቡ ውስጥ የሌለውን እምነት አለኝ ብሎ መድረክ ላይ አልቆየም። ከእኛ መካከል ግን እምነቱ ካለቀ ቆይቶ አገልግሎቱ የቀጠለ ሰው የለም? እንጸልይለት፤ በሕይወት እስካለ ድረስ የአባቱ በር አልተዘጋም።

ለእኛ ግን ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ የትናንት ዝላይ የዛሬ እምነት አይሆንም። 18.29 ዛሬም መዝገብ ላይ አለ፤ የዘለለው ሰው እምነት ግን የለም። መና በማግሥቱ ይተላ ነበር፤ ዘጸአት 16ን አንብቡ። «እኔ እኮ በዚያ ዘመን ለጌታ ታስሬያለሁ፣ እኔ እኮ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ተክያለሁ» ማለት መልካም ትዝታ ነው፤ የዛሬ እንጀራ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ሥራችሁ ሲወሰድ ምን ይቀራችኋል? አንድ ቀን ጉልበት ያልቃል፣ ድምፅ ይሻክራል፣ ማይኩ ለሌላ ይሰጣል። የጡረታ ደብዳቤም ይመጣል። ጌታን የምትወዱት ስለሚጠቀምባችሁ ነው? ወይስ ጌታ ስለሆነ? ይህን ጥያቄ መድረኩ ሳይወሰድ በፊት ዛሬ መልሱት።

ሦስተኛ፣ እናንት ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ ጥያቄ ያለበትን ወጣት አታባርሩት። «መንፈስ አለብህ፣ ጹም!» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ ሲጠራጠር ደቀ መዛሙርቱን ወደ ኢየሱስ ልኮ ጠየቀ፤ ጌታ መለሰለት እንጂ አልተቆጣውም። ቶማስን ደግሞ ቁስሉን አሳየው። በወጣትነት ያልተጠየቀ ጥያቄ አይሞትም፤ ተቀብሮ ይቆይና ጭብጨባው ሲያቆም ይነሣል። ያን ጊዜ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ላይኖር ይችላል። እናንተም ጥያቄ ያለባችሁ፣ አትሸሽጉት። ወደ ጌታ ይዛችሁት ኑ፤ ከምታምኑት ታማኝ ወንድም ወይም እህት ጋር ተነጋገሩበት።

ምናልባት ይህን ጽሑፍ የያዝከው አንተ ድሮ ትሮጥ ነበር፤ አሁን አቁመሃል። ምናልባት አንቺ እስከ አሁንም መዘምራን ውስጥ ነሽ፣ ውስጥሽ ግን ደርቋል። ስሙኝ፦ በስሉስ ዝላይ ቀይ ባንዲራ የተነሣበት አትሌት ከሜዳ አይባረርም፤ ተራው ሲደርስ እንደገና ይሞክራል። ሙከራዎቹ ግን የተቆጠሩ ናቸው። የእኛም ዕድሜ እንዲሁ ነው። ጸጋው ሰፊ ነው፣ ቀኑ ግን አጭር ነው። ዛሬ ኑ!

አብራችሁኝ ጸልዩ፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ሰው የሚያየውን ምልክቴን ብቻ ሳይሆን ኋለኛውንም አንተ ታያለህ። ከኋላዬ የሚገፋኝ ሰው ሲጠፋ ከአንተ ጋር የምቆም አድርገኝ። ጥያቄዬን ይዤ ወደ አንተ መጥቻለሁ፤ አትመልሰኝ። በመካከሉ አበርታኝ፣ እስከ ፍጻሜው ያዘኝ። በስምህ፣ አሜን።

ይህን ጸሎት ከልባችሁ ከጸለያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለች ወንጌል ወደሚሰበክባት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ጽሑፉንም አንብባችሁ አታስቀምጡት፤ መካከለኛዋ እርምጃ ላይ ላለ ለአንድ ሰው ስጡት። ጌታ ይባርካችሁ።