የትሬሸር መጋጠሚያዎች

አቅራቢዋ፦ ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1963 ከ129 ሰዎች ጋር አትላንቲክ ውስጥ ሰጠመች። መርማሪዎች በዋናነት የጠረጠሩት የባሕር ውኃ ቧንቧ መጋጠሚያን ነው።

ባልደረባዋ፦ በብር ቅይጥ የተያያዘውን?

አቅራቢዋ፦ አዎ። የሚያንገበግበው፣ ቀደም ብሎ በአልትራሳውንድ ከተፈተሹት 145 መጋጠሚያዎች 14 በመቶ ያህሉ ከደረጃ በታች ነበሩ። ሌሎች ብዙ መጋጠሚያዎች ግን ሳይፈተሹ መርከቧ ባሕር ወጣች።

ባልደረባዋ፦ የብየዳ መሐንዲስ ኃላፊነት ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የመርከቧ አካል የተሠራበት ኤችዋይ-80 ብረት ብርቱ ነው፤ ሃይድሮጂን ከገባበት ግን ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ብረቱ አስቀድሞ ይሞቃል፣ ኤሌክትሮዱ ከእርጥበት ይጠበቃል። ላዩ ያማረ ብየዳ ብቻውን አያሳምንም፤ ውስጡም በራጅ ይታያል።

አቅራቢዋ፦ በዚያው ዓመት የተጀመረው፣ ሰብሴፍ የተባለው የሰርጓጅ መርከቦች ደኅንነት ፕሮግራም ለወሳኝ ሥራዎች ሁሉ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቃል። በእርሱ የተረጋገጠች አንዲትም ሰርጓጅ ሰጥማ አልጠፋችም።