ነጋድራስና ደላላ
(ለይዘት አቅራቢ ወጣቶች ስለ ማናጀር ምርጫ በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ጊዜ፣ በዋግ ኽምራ የሻደይ በዓል መከበር ይጀምራል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በየደጃፉና በየአደባባዩ ይጫወታሉ። ቀድሞ ይህን ጨዋታ ለማየት የሚታደለው በሥፍራው የተገኘ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን አንድ የሰቆጣ ወጣት በእጅ ስልኩ ቀርጾ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ቢያወጣው፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ያለ ወገን ሁሉ ሊያየው ይችላል። ይህም ሥራ ይዘት አቅራቢነት ተብሎ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ሙያው ፍሬ ማሳየት ሲጀምር ታዲያ አንድ እንግዳ ይመጣል። «አንተ ቅረጽ፤ ማስታወቂያውን፣ ውሉንና ገንዘቡን ለእኔ ተወው» ይላል። ይህ ሰው ማናጀር ነው። ለብዙ ወጣት ከሰማይ የወረደ ረዳት ይመስለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በእውነት ረዳት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የድካም ፍሬ ከባለቤቱ እጅ የሚወጣበት በር እርሱ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ የሁለቱን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ እንዴት እንደሚቻል ነው።

የዋግ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሰቆጣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከታወቁት የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ፣ በእንስሳት ተጭኖ፣ ረጅሙን መንገድ አልፎ ይደርስ ነበር። በዚያ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ነጋድራሱ ከነጋዴዎቹ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ በየኬላው ስለ ቀረጡ የሚነጋገር እርሱ ነው፤ መንገዱ ቢከፋ የሚከፋው ለእርሱም ጭምር ነው። ደላላ ግን በገበያው ይቆያል፤ ገዢንና ሻጭን አገናኝቶ ድርሻውን ይቀበላል እንጂ የመንገዱን ድካም አይካፈልም። ደላላነት ነውር አይደለም። ደላላውን ነጋድራስ ነው ብሎ ጭነትን ሁሉ ማስረከብ ግን ጉዳት ያመጣል።

በዘመናዊው ኪነ ጥበባችንም የነጋድራስነት ምሳሌ አለን። አቶ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም በጀመሩበት ጊዜ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1969፣ የሙዚቃ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እርሳቸው ግን ክስ ሊመጣባቸው እንደሚችል እያወቁ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትመው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስከ ወጡ ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎች አሳተሙ። ምንም እንኳ ሥራቸው አሳታሚነት ቢሆን፣ ሸክላው ባይሸጥ ወይም ክስ ቢነሣ ቀድሞ የሚጎዳው እርሳቸው ነበሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው፤ ማናጀር ልሁንህ የሚል ሰው ሲመጣ «ሥራው ባይሳካ አንተ ምን ታጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምንም የማያጣ ከሆነ ሰውየው ደላላ ነው፤ ዋጋውም የደላላ ይሁን።

ሁለተኛው መመዘኛ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በሌላው ስም ሕጋዊ ተግባር የሚፈጽመውን ሰው ወኪል ይለዋል። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን ሊሆን፣ የእርሱንም ጥቅም ሊያስቀድምና በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳብ ሊያቀርብ ይገባዋል። ወካዩም ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ አይሻርም የሚል ቃል በውሉ ቢጻፍ እንኳ አይጸናም። ሆኖም ያለ ጊዜው መሻር ካሣ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የውሉ ዘመን አጭር፣ ለምሳሌ የአንድ ዓመት፣ እንዲሆን ማድረግ ይሻላል። ውክልናውም ሁሉን የሚያጠቃልል ሳይሆን፣ ወኪሉ የሚፈጽመው ተግባር ተለይቶ የተዘረዘረበት ይሁን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ብልጥ ማናጀር የውክልና ውል አያመጣም፤ ሥራው ራሱ ለእርሱ የተላለፈ መሆኑን የሚገልጽ ውል ያመጣል። ውክልና ይሻራል፤ የተላለፈ መብት ግን በቀላሉ አይመለስም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የቅጅ መብት በጽሑፍ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ወክያለሁ» የሚለውንና «አስተላልፌያለሁ» የሚለውን ሳትለዩ አትፈርሙ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ገጽ ላይ ጎረቤት ቢሆኑም፣ አንደኛው አገልጋይ ይቀጥርላችኋል፤ ሁለተኛው ቤታችሁን ይሸጥባችኋል።

ሦስተኛው መመዘኛ የገንዘቡ መንገድ ነው። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው አንድ ሺህ ተከታዮችን፣ ከዚያም ጋር በ12 ወር ውስጥ 4 ሺህ የዕይታ ሰዓት ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ ዕይታ ላገኘ ቻናል ነው። በረዣዥም ቪዲዮዎች ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ገቢ ከመቶ 55ቱ የባለቻናሉ ነው። ማናጀሩ ከመቶ 20 ቢጠይቅ «ከየትኛው መቶ?» ማለት ይገባል። ከ55ቱ ላይ ከሆነ 11 ወስዶ 44 ያስቀርላችኋል፤ ከጠቅላላው 100 ላይ ከሆነ ግን 20 ወስዶ 35 ብቻ ያስቀርላችኋል። በሌላው ዓለም የማናጀር ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 20 ነው። የታወቀው አሜሪካዊ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሬስሊ ግን ለማናጀሩ ለቶም ፓርከር እስከ ግማሽ ድረስ ይከፍል ነበር። ዘፋኙ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞተ በኋላ፣ ፍርድ ቤት የሾመው ጠበቃ ሒሳቡን መርምሮ ድርሻው ከልክ ያለፈ መሆኑን ገለጸ። እውነቱ ተገለጠ፤ ነገር ግን ባለቤቱ አልነበረም።

ከድርሻው መጠን ይልቅ የሚከፋው ገንዘቡ አስቀድሞ በማናጀሩ እጅ ማለፉ ነው። ዲፋይ ሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በድንገት ሲዘጋ፣ የማስታወቂያ ገቢያቸው በእርሱ በኩል ይከፈላቸው የነበሩ ይዘት አቅራቢዎች ገንዘባቸው በኩባንያው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ቀረባቸው። ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ ወደ እናንተ ይግባ፤ ድርሻውን እናንተ ለማናጀሩ ክፈሉት። ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም እንዲሆን የግድ ቢሆን እንኳ፣ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

አራተኛው መመዘኛ ቁልፉ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደ ተቋረጠ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ በሰቆጣ የሚኖር ወጣት የገዛ ቻናሉን ለብዙ ወራት ሳያይ ሊቆይ ይችላል። የይለፍ ቃሉ በአዲስ አበባ በሚኖር ማናጀር እጅ ከሆነ፣ በእነዚያ ወራት የቻናሉ ጌታ ማን ነው? መንገዱ ሲከፈት ባለቤቱ ተመልሶ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት ይኖር ይሆን? ለዚህ መድኀኒቱ ቀላል ነው። ዩቲዩብ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሳይሰጥ ለረዳቱ የተወሰነ ሥልጣን ብቻ የሚሰጥበት መንገድ አለው፤ የተሰጠውም ሥልጣን በማንኛውም ሰዓት ሊነሣ ይችላል። ማረጋገጫ የሚላክበት የስልክ ቁጥርም በእናንተ ስም የወጣ ይሁን።

በመጨረሻም ማናጀሩ የሚያሠራችሁን ሥራ ተመልከቱ። ተመልካች ይብዛ ብሎ ሰው የሚያጣላ ወይም ሐሰተኛ ነገር እንድታወጡ የሚገፋፋ ማናጀር አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ነገሩን ያሰራጨውን ሰው ይቀጣል። በቪዲዮው ላይ የሚታየው ፊት የእናንተ እንጂ የማናጀሩ አይደለም፤ ነገ ከሰቆጣ ሰው ጋር በገበያ የምትገናኙትም እናንተ ናችሁ።

ምናልባት አንዳንዱ «ወንድሜን በወረቀት ማሰር ክፉ ጠባይ አይሆንብኝምን?» ይል ይሆናል። ወገን ተማምኖ የሚኖርበት አገር ስለ ሆነ ሐሳቡ ይገባናል። ነገር ግን የተጻፈ ውል ወዳጅነትን የሚጠብቅ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ቅን ማናጀር ውል ሲቀርብለት ደስ ይለዋል፤ የእርሱም ድርሻ ተጽፎ ይጠበቅለታልና። «ወረቀት ምን ያደርግልናል» የሚለውን ግን በዚያው ቃሉ ልታውቁት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ሻደይ እንመለስ። ከበሮ የመታችው፣ ዜማውን ያወጣችው ልጅ ማን ናት? አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኝ ጭምር መብት ይሰጣል፤ ክዋኔዋ እንዲቀረጽ ወይም እንዳይቀረጽ የመፍቀድ ሥልጣን የእርሷ ነው። እንግዲህ ከማናጀራችሁ ቅንነትን የምትፈልጉ ወጣቶች፣ ለዚህች ልጅ እናንተ ነጋድራሷ ናችሁ ወይስ ደላላዋ? ሳትቀርጿት ጠይቋት፤ ስሟ እንዲጻፍ ብትወድ ጻፉላት፤ ትርፍ ሲገኝ አስቧት። ለእርሷ ሒሳብ ያቀረበ ሰው ከማናጀሩ ሒሳብ ለመጠየቅ አፉ አይያዝም።

አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ድስቱ ከመጣዱ በፊት፣ ብዕሩም ከመነሣቱ በፊት መጥኑ።