አንድ ራስ፥ ሁለት ልቡና?



በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሁለት ልቡና ይኖራልን? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም የመጣው ከቀዶ ጥገና ነው። በ1962 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በካሊፎርኒያ ሐኪሞቹ ቦገንና ቮገል፥ ብርቱ የሚጥል በሽታ ለነበረበት ሰው ቀኝና ግራ አንጎሉን የሚያገናኘውን የነርቭ ድልድይ ቆረጡ። በሽታውም ቀለለለት።

ስፔሪና ጋዛኒጋ እንዲህ ያሉትን ሰዎች መረመሩ። በስተግራ ብልጭ ያለ ሥዕል የሚደርሰው ለቀኙ አንጎል ብቻ ነው። «ምን አየህ?» ሲባል፥ አንደበት ያለው ግራው አንጎል «ምንም» ይላል፤ ግራ እጅ ግን ዕቃውን ዳብሶ ያወጣል።

በ1970ዎቹ ደግሞ ለአንዱ ታማሚ ለቀኙ አንጎል በረዶ፥ ለግራው የዶሮ እግር ታየ። ግራ እጁ በረዶ የሚዛቅበትን አካፋ መረጠ። ለምን ቢባል፥ በረዶውን ያላየው ተናጋሪ አንጎል ያለ ማመንታት የዶሮውን ቤት ለማጽዳት ነው አለ!

ስፔሪ ልቡናው ሁለት ሆኗል ብሎ አስተማረ፤ በ1981ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ2017 ግን ፒንቶና ባልደረቦቹ የመረመሯቸው ሁለት ሰዎች፥ በየትኛውም ጎን የታየውን በቃልም በሁለቱም እጆች አመለከቱ። ስለዚህ የተከፈለው እይታ እንጂ ባለቤቱ አይደለም አሉ።

ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኛም አንዘጋውም። ነገር ግን ከዚህ መድረክ ብዙ የምንናገር እኛ ነንና ይህን እንያዝ፦ ዝም ያለ ሁሉ አላዋቂ አይደለም፤ ምክንያት የሚደረድርም ሁሉ ምክንያቱን አያውቅም።