ከቁጥር የሚወጣ ሥዕል፦ ስለ አንድ የእጅ ጨዋታና ስለ ማስረዳት ልማድ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መጫወቻ ነው። «ቁም ነገር ጠፍቶ ነውን?» የሚለኝ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ኖን ኢሺዳ የተባለች ጃፓናዊት የሥዕል ንድፍ ባለሙያ፣ የረጃጅም ሕንፃዎችን መስኮት መብራት በማብራትና በማጥፋት ሥዕል ሠርታ በቶኪዮ አንድ ውድድር አሸነፈች። ሥዕልን በቁጥር የሚደብቀው እንቆቅልሽ ከዚያ ሐሳብ ተወለደ፤ ቴትሱያ ኒሺዮ የተባለ ሌላ ጃፓናዊም በዚያው ዘመን ለብቻው ደርሶበታል። ኖኖግራም የሚለው መጠሪያ የተወሰደው ከእርሷ ስም ነው። በ1995 ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ ጌም ቦይ በተሰኘው የእጅ መጫወቻው ላይ «ማሪዮስ ፒክሮስ» በሚል ርእስ አወጣው። የመጫወቻው መስታወት ቀለም አልነበረውም፤ በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ለዚህ ጨዋታ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ባዶ ሰንጠረዥ ይሰጣችኋል። በየረድፉ ጎንና በየዓምዱ አናት ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 7 ከተባለ በዚያ ረድፍ ሰባት ሳጥኖች ተከታትለው ይጠቁራሉ፤ 4 እና 5 ከተባለ አራት ተከታታይ፣ ቀጥሎ ቢያንስ አንድ ባዶ፣ ከዚያ አምስት ተከታታይ ይሆናሉ። ረድፉ አሥር ሳጥን ብቻ ካለው ይህ ሁለተኛው ወዲያው ያልቃል፤ አራት፣ አንድና አምስት ሲደመሩ አሥር ናቸውና።

ሰባቱ ግን ያስተክዛል። ሰባቱን ሳጥኖች ወደ ግራ ጥግ ብናስጠጋቸው ከ1ኛው እስከ 7ኛው ይይዛሉ፤ ወደ ቀኝ ብንገፋቸው ከ4ኛው እስከ 10ኛው። እንግዲህ የትም ይዋሉ የት፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ያሉት አራት ሳጥኖች መጥቆራቸው አይቀርም። የቀሩትን አናውቅም፤ እነዚህን አራቱን ግን እናውቃለን። ቁጥሩ 5 ቢሆን ኖሮ ከዚህ ረድፍ ብቻ አንዲት ሳጥን እንኳ በእርግጠኝነት መናገር ባልቻልን ነበር። የማውቀውን ከማላውቀው ለይቶ ማስቀመጥ የሒሳብ ማረጋገጫ እምብርት ነው፤ ይህን ያህል በአጭሩ የሚያሳይ ሌላ ጨዋታ አላገኘሁም።

የ1995ቱ ጨዋታ ለገማች ምሕረት አልነበረውም። ለአንድ ሥዕል 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ የማይገባውን ሳጥን የነካ መጀመሪያ 2 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 4፣ ከዚያ 8 ደቂቃ ይቀነስበታል።

የእኛን እንቆቅልሽ እንመልከት። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ካቃተን አገር ሰጥተን እንገላገላለን። ሐይቅን የሰጠ ልጅ ስንት ነው! ያ እንቆቅልሽ ቋንቋን ያበለጽጋል፤ መልሱ ግን በጠያቂው እጅ ነው፣ «ለምን ይህ ሆነ? ለምን ሌላ አልሆነም?» ብሎ መሟገት ብዙም አልተለመደም። በጥንቃቄ የተሠራ ኖኖግራም ግን አንድ መልስ ብቻ አለው፤ ያም አንድ ብቻ መሆኑን ፈቺው ራሱ ማስረዳት ይችላል። አገር መስጠት አያስፈልግም።

ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ስፌት ነው። የወሎ ሰፊ ሴት ወስፌዋን ይዛ ሞሰብ ስትጀምር ሥዕሉ በልቧ አለ፤ ቀለም የተነከረውን ስንደዶ የምታስገባው በቆጠራ ነው። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ቆጠራውም አብሮ ይለወጣልና ሥራዋ ከአራት ማዕዘን ሰንጠረዥ ይከብዳል። እርሷ ከሥዕል ወደ ቁጥር ትሄዳለች፤ ተጫዋቹ ከቁጥር ወደ ሥዕል ይመለሳል። የስፌት ልጅ በሒሳብ ክፍል «አልችልም» ስትል ስሰማ የምገረመው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ ወሎን ምን እንዳደረገ ለእናንተ አልነግርም። ነገር ግን ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ነው፤ ተማሪዎቻችንም ከአራት ፊደል አንዱን መንካት ለምደዋል። ገምቶ ያገኘና አስቦ ያገኘ በመልስ ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። በሰሌዳው ፊት ቆመው «እንዴት አወቅህ?» ሲባሉ ግን ይለያያሉ።

መጫወቻውን ግዙ ማለቴ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ገንዘቡ ቢኖርም እንኳ ወረቀቱን እመርጣለሁ። መሣሪያው ስሕተትን ወዲያው ይናገራል፤ ወረቀት ዝም ይላል። ተማሪው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ረድፉና ዓምዱ ሲጋጩበት ወደ ኋላ ተመልሶ የተሳሳተበትን ሳጥን ራሱ መፈለግ አለበት። ይህ ሥራ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፣ መብራት አይጠይቅም፤ ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። ሰንጠረዡን ግን አታስፉት፤ ኡዌዳና ናጋኦ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እንዳሳዩት፣ የዚህ እንቆቅልሽ ጠቅላላ መልክ ለኮምፒውተርም ቢሆን ከከባዶቹ ችግሮች ወገን ነው። ለ7ኛ ክፍል 10 በ10 ይበቃል።

ከበሩ አጠገብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ምን እንደሆነ አልናገርም፤ ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳትርቁ የምታገኙት ነገር ነው። ከአምስተኛው ረድፍ ጀምሩ፤ ቁጥሩ 9 ነው። ስምንቱን ሳጥኖች አሁኑኑ ማጥቆር ትችላላችሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑና ለምን እንደሆኑ ግን ለጎረቤታችሁ አስረዱ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።