ባሕርንም ልብንም ማዳመጥ

ሐኪም ስለ ውቅያኖስ ምን አገባት እንዳትሉኝ። ነገሩ የጀመረው ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ፣ «እማዬ፣ ባሕር ውስጥም ማዕበል አለ?» ስትለኝ ነው። አለ። ሞቃቱና ቀላሉ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ስለሚተኛ በመካከላቸው ማዕበል ይነሣል። አንዳንዱ ከመቶ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከላይ ግን እምብዛም አያስታውቅም። ሲሰበር ውሃውን ያምሰዋል፤ ይኼው እኛም ተርቡለንስ የምንለው ነው።

መለኪያው ጫፉ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል መዳሰሻ አለችው። መርከቧ እንዳትነቀንቀው ገመዱን አላልተው ይለቁታል። ስቴቶስኮፕ ይዞ እጁ ለተንቀጠቀጠ ተማሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም!

እ.ኤ.አ. በ1966 ዋልተር ሙንክ ጥልቁ ባሕር ምን ያህል መቀላቀል እንዳለበት አሰላ። ሌሎች ሲለኩ ግን በብዙ ቦታ ያገኙት አንድ አሥረኛውን ገደማ ነው። በ1992 አትላንቲክ ውስጥ 300 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ጋዝ ለቀው ለወራት ቢከታተሉትም ያው ሆነ። የቀረውስ የት ገባ? ኋላ ከብራዚል ወዲህ ማዶ ሲለኩ፣ ለጥ ካለው ወለል በላይ ጸጥታ፣ ወጣ ገባ ካለው የባሕር ውስጥ ተራራ በላይ ግን ብርቱ መታመስ አገኙ።

ይህን ሳነብ የኢንተርንነቴ ዘመን መጣብኝ። አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር «ትንፋሽ ያጥረኛል» አለችኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቁጭ እንዳለች፣ በልብሷ ላይ አዳመጥኳት፤ ምንም የለም። «እርግዝናው ነው እህቴ» ብዬ አይረን አዝዤ ሸኘኋት። በሦስተኛው ሳምንት ሳንባዋ ውሃ ሞልቶ በቃሬዛ መጣች። ሚትራል ስቴኖሲስ ነበር። በጠበበው ቫልቭ የሚታመሰው ደም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ በግራ ጎን አስተኝቶ፣ የልቡ ጫፍ ላይ፣ በቤሉ ካላዳመጡት ያመልጣል። አስተምራችሁናል እኮ! ሲኒየሩ በጎኗ አዙሮ ስቴቶስኮፑን አቀበለኝ። ሰማሁት። እሷ ተረፈች፤ ጽንሱ አልተረፈም።

ተማሪዎች አሁን «ኢኮ አለ» ይሉኛል። አለ፤ ግን ወደ ኢኮው የሚልካት ማን ነው? እንግዲህ መምህሮቻችን ከፈቀዱልኝ፣ በወር አንድ ቅዳሜ እየመጣሁ አልጋ ዳር ከተማሪዎቹ ጋር አዳምጣለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ ከምሳ በኋላ ያግኘኝ፤ ስቴቶስኮፑን ግን ራሱ ይዞ ይምጣ፤ የእኔን አላውስም።